የተሰናበትኳቸው መጻሕፍት

አባቴ የዓይናቸውን ሞራ አላስነሣም ብለው ባስቸገሩን ዓመት፣ ቤተሰቡ ጥፋተኛ ሲፈልግ ከርሞ መጨረሻ ላይ እኔ ላይ አረፈ። እውነቱን ለመናገር አልተሳሳቱም። ሐኪሙ ነገሩን በግልጽ ነግሮን ነበር። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቷል፤ አሁን ቢነሣላቸው ያያሉ፤ እየቆየ በሄደ ቁጥር ግን ሥራውም ይከብዳል፣ ማየታቸውም ያጠራጥራል። አባቴ ይህን ሁሉ በጥሞና ሰምተው ጋቢያቸውን አስተካከሉና "እግዚአብሔር ይስጥልን" ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ያለው ሰባት ወር ሙሉ ልመና ነው። ልመናውን ያከሸፈው ደግሞ መጽሐፍ እየጀመርኩ የመተው የኔ አመል ነው። ግንኙነቱ ለሰው ቶሎ አይታይም፤ ከሥሩ ላስረዳ።

መጽሐፍ መጨረስ አይሆንልኝም። ሞጣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ የጀመረውን መጽሐፍ መጥፎም ቢሆን ጥርሱን ነክሶ የሚጨርስ አንድ የፊዚክስ መምህር አለ። "ደራሲው ስንት ለፍቶበት" ይለኛል። እኔ ደግሞ ደራሲው መልፋቱን አምናለሁ፤ አብሬው የምለፋበት ምክንያት ግን አይታየኝም። ሰው መጽሐፍ የሚተወው ስላልገባው ነው የሚሉ አሉ። እኔ የተውኳቸው አብዛኞቹ በሚገባ ገብተውኝ ነው። ሰውየው ምን ሊል እንደፈለገ ከገባኝ በኋላ ሌላ ሁለት መቶ ገጽ አብሬው ምን እሠራለሁ? የቆምኩበት ገጽ ላይ ክር አድርጌ እዘጋውና ሌላ እከፍታለሁ።

ይህን አመል ያወጣሁት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ቢቸና ውስጥ ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸው ከመርጡለ ማርያም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር እየመጡ በግቢያችን ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ይኖራሉ። ቁጥራቸው ከአርባ ያነሰበትን ጊዜ አላስታውስም። እኛ ልጆቻቸውም ከተማሪዎቹ ጋር ስላደግን "የኔታ" ነበር የምንላቸው፤ እስከ ዛሬም "አባዬ" የሚለው ቃል አፌ ላይ አይመጣም።

በአባቴ ጉባኤ አንድ ደንብ አለ። ተማሪ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ሌላ መምህር ወይም ወደ አገሩ መሄድ ሲያስብ ዝም ብሎ ዕቃውን አንጠልጥሎ አይወጣም። መምህሩ ፊት ቆሞ ከምን ጀምሮ የት እንደ ደረሰ ይናገራል፤ ለምን እንደሚሄድም ይናገራል፤ ከዚያ መምህሩ መርቀው ያሰናብቱታል። እንዲህ በወጉ የተሰናበተን ተማሪ ማንም "ተመለስ" አይለውም። አባቴም ቢሆኑ አይሉም። ምንም ያህል ጎበዝ ተማሪ ቢሆን፣ ምንም ያህል ቢያሳዝናቸው፣ አንዴ ካሰናበቱት በኋላ ቃል አይወጣቸውም። ሳይሰናበት የጠፋ ግን ስሙ ከጉባኤ ጉባኤ ሲነሣ ይኖራል።

ያን ጊዜ ቢቸና ላይ ልብ ወለድ የሚያከራይ አንድ ባለሱቅ ነበር። ከሳሙናውና ከባትሪ ድንጋዩ ጀርባ አንድ መደርደሪያ መጽሐፍ አለችው። ከእሱ የወሰድኩት የመጀመሪያው ወፍራም መጽሐፍ፣ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ስለምትሄድ ሴት ነው። ጅማሬው ጥሩ ነበር። ከዚያ ግን ደራሲው ባቡሩ ያለፈበትን ዛፍ ሁሉ ካልገለጽኩ ብሎ ድርቅ አለ። ሰባ ሦስተኛው ገጽ ላይ ባቡሩ ገና አዋሽ አልደረሰም። መጽሐፉን ዘጋሁና ሌላ ልከራይ ስወጣ አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው አገኙኝ።

"ያንን መጽሐፍ ጨረስሽው?"

"ተውኩት የኔታ።"

"ተሰናበትሽው?"

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። "ነይ እዚህ ቁሚ" አሉኝ። ቆምኩ። "ከምን ጀምሮ የት ደረስሽ?" አሉኝ፤ ልክ ተማሪዎቻቸውን እንደሚሉት። ሴትዮዋ ለምን እንደተነሣች፣ ወንድሟ እንዴት እንደጠፋ፣ ባቡር ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ለምን እንደሚያጠራጥር አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። ስጨርስ "ስንተኛው ገጽ ላይ ነው የቆምሽው?" አሉ። ሰባ ሦስት አልኩ። "ምክንያትሽስ?"

"ዛፍ በዛ።"

ለጥቂት ጊዜ አሰቡበት። "ዛፍ በዛ" ብለው ለራሳቸው ደገሙት። "በይ ተሰናብተሻል። እግዚአብሔር ከሚሻለው ያድርስሽ።"

እናቴ በሩ ሥር ምስር እየለቀመች ሁሉንም ሰምታለች። "እና ወንድሟን አገኘችው?" አለችኝ።

"አላውቅም እኮ፤ ትቼዋለሁ።"

"ታዲያ እንዲህ አንጠልጥለሽ ከምትተይን ባትነግሪንስ።"

አባቴ "ተያት፤ ተሰናብታለች" አሉ፤ ነገሩ በዚያ አበቃ።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ተማሪዎቹ ከሰዓት በኋላ ሲበተኑና የሠርክ ጸሎት ሳይደርስ፣ መደቡ ፊት ቆሜ አንድ መጽሐፍ እሰናበታለሁ። የስንብቱ ጥያቄ አንድም ቀን አልተቀየረም፤ ከምን ጀምሮ የት፣ ስንተኛው ገጽ፣ ምክንያት። አባቴ ለምክንያቶቼ ደረጃ ያወጡላቸው ነበር። "ይህስ ምክንያት ነው" ይላሉ፤ ወይም "ይህ ስንፍና ነው፤ ቢሆንም ተሰናብተሻል" ይላሉ።

አንዱን ልብ ወለድ የተውኩት ዋናው ሰው ዘጠና ገጽ ሙሉ እህል ስላልቀመሰ ነው። ይሮጣል፣ ይደባደባል፣ ያፈቅራል፤ አይበላም። ጾም ነው እንዳይባል ታሪኩ ውስጥ ፋሲካ አልፏል። ይህን ምክንያት ሳቀርብ እናቴ ከአባቴ ቀድማ "እውነቷን ነው" አለች። ሌላው ሰው እንዴት ስኬታማ እንደሚሆን የሚያስተምር መጽሐፍ ነበር፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሡ ይላል። አባቴ ለማኅሌት በስምንት ሰዓት የሚነሡ ሰው ናቸውና "ይህ ሰውዬማ አርፋጅ ነው" ብለው ያለ ተጨማሪ ጥያቄ አሰናበቱኝ። አንድ የታሪክ መጽሐፍ ነበር፤ እከሌ እከሌን ወለደ እያለ ስድሳ ገጽ ሄዶ ወላጆቹን ከልጆቹ መለየት አቃተኝ። አባቴ በዚያኛው ላይ ብቻ ትንሽ ቅር አላቸው። "ሌላ ጊዜ ቁጭ ብለሽ ብትጽፊው ይያዝልሽ ነበር" አሉ፤ ግን ደንቡን አላፈረሱም።

መጽሐፉ ራሱ ግድ የሚሰጣቸው አይመስለኝም ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው፤ ልብ ወለድ ለእሳቸው ተረት ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ስንብቱ የሚያስፈልጋቸው ለሥርዓቱ ነው፤ ልጄ ጨዋ ትሁን ብለው ነው ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን እንኳ "ልጄ፣ ምናለ ብትጨርሺው" ብለውኝ አያውቁም።

ትምህርቴን ጨርሼ ሞጣ ስመደብ ስንብቱ በስልክ ሆነ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ፤ እናቴ "ዛሬ ደግሞ ማንን ልትሰናበቺ ነው" ብላ ስልኩን ለእሳቸው ትሰጣለች። ቤቴ ጠባብ ስለሆነ የተውኳቸውን መጻሕፍት በየበዓሉ ሸክፌ፣ በሚኒባስ በደብረ ወርቅ አድርጌ ቢቸና እወስድና የአባቴ ሳጥን አጠገብ እደረድራቸዋለሁ። አንድ ረዳት ፌስታሉን አንሥቶ "መምህርት፣ ድንጋይ ነው የምትጭኚው?" ብሎኝ ያውቃል። ያን ያህል ብዙ ነበሩ።

የዓይናቸውን ነገር መጀመሪያ የነገረችኝ እናቴ ናት። "የኔታ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጋቢ 'ምነው ቆመህ፣ አረፍ በል እንጂ' ብለው ሲለምኑ አገኘኋቸው" አለች በስልክ። እየሳቀች ነበር የምትነግረኝ፤ መሃል ላይ ሳቋ ቆመ። ለካ ዓመት ሙሉ ደብቀውናል። መደበቅ ደግሞ ለእሳቸው ቀላል ነው። ቅኔ በቃል የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ መጽሐፍ የሚገልጥ የለም። ዳዊቱንም፣ ውዳሴ ማርያሙንም በቃላቸው ያውቁታል። መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በቃላቸው ሲደግሙ ማን ይጠረጥራል?

ሐኪሙ ሕክምናውን ሲያዝ እንግዲህ ልመናው ተጀመረ። ወንድሜ ለመናቸው። የንስሐ አባታቸው ለመኗቸው። የድሮ ተማሪያቸው የነበረ፣ አሁን አንድ ትልቅ ደብር የሚያስተዳድር ሰው ለዚሁ ብሎ መጥቶ ለመናቸው። "ለቅኔ ዓይን ምን ያደርጋል?" ብለው ሁሉንም መለሱ። እኛ ብንጮህ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ሞጣ አንድ ግቢ ውስጥ አብራኝ የምትኖር ነርስ አለች። የጅማ ልጅ ናት፤ ተመድባ መጥታ ከኛ በላይ የሞጣ ሰው ሆናለች። ከትንሣኤ በኋላ የዓይን ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ሞጣ ሐኪም ቤት እንደሚመጡ የነገረችኝ እሷ ናት። "ይህ ካለፈሽ መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም" አለች። እኔም ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ቢቸና ወረድኩ። በመንገድ ላይ ሙሉ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ደብረ ወርቅ ላይ አሻሽዬው ሁሉ ነበር።

ግቢ ስገባ ተማሪዎቹ እየተበተኑ ነው። አባቴ መደባቸው ላይ ናቸው፤ እናቴና ወንድሜ አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ንግግሬን ልጀምር አፌን ስከፍት አባቴ እጃቸውን አነሡ። "ለምን እንደመጣሽ አውቃለሁ። ቁጭ በይ" አሉኝ። እሳቸው ቦታ ላይ አስቀመጡኝ። ከዚያ በበትራቸው እየተደገፉ ከመደቡ ወረዱና እኔ ስቆምበት የኖርኩት ቦታ ላይ ፊቴ ቆሙ።

"ዛሬ የምሰናበተው እኔ ነኝ" አሉ። "ይህን ሁሉ ዓመት አንቺን ሳሰናብት ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ተመለሽ አላልኩሽም። አሁን አንቺ አሰናብቺኝ። ማንበብን ልሰናበት ነው።"

እናቴ ዞራ አየችኝና "ይኸው፣ አንቺ ያስለመድሽው ነው" አለች። ወንድሜ ያየኝ አስተያየት ደግሞ ከሷ የባሰ ነበር።

ብመርቃቸው ዓይናቸው በዚያው ቀረ ማለት ነው። "ተመለሱ" ብላቸው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ያከበሩትን ደንብ በገዛ ግቢያቸው፣ በተማሪዎቻቸው ፊት ማፍረሴ ነው። የቀረኝ ጊዜ መግዛት ነበር፤ ጊዜ የሚገዛው ደግሞ ራሱ ደንቡ ነው።

"እሺ የኔታ" አልኩ። "ከምን ጀምረው የት ደረሱ?"

ጀመሩ። በሰባት ዓመታቸው ከአጎታቸው ፊደል ቆጠሩ። ከዚያ ዳዊት። ከዚያ ከአገር አገር እየዞሩ ዜማና ቅኔ። መጀመሪያ በእጃቸው የገለበጡትን መጽሐፍ፣ በዝናብ የራሰባቸውን፣ አውሰው የቀረባቸውን ሳይቀር ተናገሩ። እኔ የማላውቀው ብዙ ነገር ነበረበት፤ ተማሪዎቹም መሄዳቸውን ትተው ዙሪያውን ቆመው ይሰማሉ። ሲጨርሱ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቅሁ። "ስንተኛው ገጽ ላይ ቆሙ?" ለሥርዓቱ ያህል ነው የጠየቅሁት፤ መልስ ይኖረዋል ብዬ አይደለም።

"ሁለት መቶ አሥራ ስድስት" አሉ።

"የምኑ?"

ትንሽ አመነቱ። "የዚያ የመሐንዲሱ።"

መሐንዲሱን ለማስታወስ ጊዜ ወሰደብኝ። ዓምና የተውኩት ልብ ወለድ ነው፤ ድልድይ ሊሠራ መጥቶ ድልድዩን ሳይጀምር ሚስት የሚያበዛ ሰው ታሪክ። ሁለተኛው ሠርግ ላይ፣ መቶ አርባኛው ገጽ ላይ ሰልችቶኝ በስልክ ተሰናብቼዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልነገርኳቸውም፤ እኔም አላውቀውም።

"ሦስተኛዋን ሊያገባ ሽማግሌ ልኳል" አሉ አባቴ ወደ መሬት እያዩ። "እዚያ ላይ ነው የጨለመብኝ።"

ነገሩ የወጣው እንግዲህ እንዲህ ነው። ከዚያች ከባቡሯ ሴትዮ ጀምሮ፣ እኔ የተውኩትን መጽሐፍ ሁሉ አባቴ ከተውኩበት ገጽ ወስደው ጨርሰውታል። እኔ ለባለሱቁ በመለስኩ ማግስት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሱቁ ጋ ጎራ ብለው መጽሐፉን ካባቸው ሥር አድርገው ያመጡታል፤ ባለሱቁ ለማንም ላይናገር ቃል ገብቷል። ገጹን ሁልጊዜ የሚጠይቁኝም ለዚያ ነው። ሞጣ ከገባሁ በኋላ ደግሞ እኔው ራሴ ተሸክሜ እያመጣሁ አጠገባቸው ደረደርኩላቸው፤ ክሩ የት እንደሚጀምሩ ያሳያቸዋል።

"ከመጀመሪያውስ ለምን አላነበቡትም?" አለ ወንድሜ።

"የመጀመሪያውንማ ነግራኛለች" አሉ፤ ጥያቄው እንደ ሞኝ ጥያቄ ሆኖባቸው። "ለምን እደግመዋለሁ?"

ስንት ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን መጽሐፍ ሁለት ሆነን አንዴ ጨርሰነዋል ማለት ነው። እኔ ፊቱን፣ እሳቸው ኋላውን። እኔ ይህን ገና ሳላጣጥመው እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

"እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ምን ሆነች እያልኩ ስጠይቅ፣ እያወቁ ነው ዝም የሚሉኝ?"

"አንቺ እሷን ነው እንጂ እኔን መች ጠየቅሽኝ?"

"አሁን ጠይቄያለሁ። ወንድሟን አገኘችው?"

"አገኘችው። ድሬዳዋ ላይ ነጋዴ ሆኖ፣ ወፍሮ።"

እናቴ ተመልሳ ተቀመጠች። "እሰይ" አለች፤ ከዚያ ማኩረፍ እንዳለባት ትዝ አላትና ፊቷን አዞረች። ተማሪዎቹ ሳቃቸውን ለመያዝ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ሊጨምሩ ምንም አልቀራቸውም። የኔታ ልብ ወለድ ያነባሉ የሚለው ወሬ በማግስቱ ከቢቸና አልፎ ሮብ ገበያ ሳይደርስ አልቀረም።

አባቴ ግን አሁንም ቆመዋል። ሦስተኛው ጥያቄ ቀርቷል። "ምክንያትዎስ?" አልኳቸው።

"ፊደሉ ጉንዳን ሆነብኝ።"

"እሱ የዓይንዎ ነገር ነው። ሕክምናውን እምቢ ያሉበትን ነው የምጠይቅዎ።"

ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ፈርቼ ነው" አሉ። "አሁን ብርሃንና ጥላ እለያለሁ። ሰው ሲመጣ ጥላውን አያለሁ። እናትሽ በበሩ ስታልፍ አውቃታለሁ። ምላጩ ቢስት ይህንንም አጣዋለሁ። የቀረኝ ትንሽ ነው፤ ግን አለኝ።"

አባቴ ፈራሁ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ተነሥቼ ላቅፋቸው ፈለግሁ፤ ግን ስንብት ላይ ነን፤ ከመደቡ አይወረድም።

"ይህ ምክንያት ነው" አልኩ። "ቢሆንም አላሰናብትዎም።"

"ደንቡን ታውቂዋለሽ።"

"አውቀዋለሁ። ደንቡ የተሰናበተን ተመለስ አይባልም ነው የሚለው። እርስዎ ግን አልተሰናበቱም፤ እኔ ገና አልመረቅሁዎትም። ስላልተሰናበቱ ደግሞ ተመለሱ ብልዎ ነውር የለውም። የኔታ፣ ይመለሱ። ሞጣ እንሂድ።"

አባቴ ሙግት የሚወዱ ሰው ናቸው። መልሱን አገላብጠው ሲያዩት፣ ቀዳዳ ሲፈልጉበት ከፊታቸው ይነበባል። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነው። "የሚረታኝ ተማሪ አላፈራሁም ስል፣ ለካ አንቺ አለሽ" አሉ። ቀጥለውም ጣታቸውን ቀስረው "አንዱን ዓይን ብቻ ነው። ሌላው ለክፉ ቀን ይቀመጥ" አሉ።

በማግስቱ ይዣቸው ሞጣ ሄድኩ። የጅማዋ ነርስ ሐኪም ቤት ድረስ እጃቸውን ይዛ እየመራች "አባቴ፣ ትንሽ ነገር ናት፤ ጸሎትዎን ሳይጨርሱ ያልቃል" እያለች አጽናናቻቸው። እሳቸውም ከሰላምታ አልፈው ስለ ጅማ እየጠየቋት ገቡ። እኔ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጥፍሬን በላሁ። ምላጩ ቢስት የጎተትኳቸው እኔ ነኝ፤ ከዚያ በኋላ በምን አፌ አባቴን አናግራቸዋለሁ እያልኩ ነበር። አንድ ዓይናቸው በፋሻ ታስሮ ሲወጡ "አልጨረስኩም እኮ ጸሎቱን" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ሲፈታ አጠገባቸው ነበርኩ። ቀስ ብለው ዓይናቸውን ገለጡ። መጀመሪያ መስኮቱን አዩ፤ ከዚያ የነርሷን ነጭ ጋውን፤ ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ሲያዩኝ ሲያዩኝ ቆዩና "ሸብተሻል" አሉኝ። እኔ አለቀስኩ። ነርሷ "መሸበቷን አላወቀችም መሰለኝ" ብላ አሳቀችን።

እስኪያገግሙ ሞጣ እኔ ቤት ቆዩ። እናቴ በየቀኑ እየደወለች የአንድ መጽሐፍ መጨረሻ ትጠይቃቸዋለች፤ ያ የማይበላው ሰውዬ መቶኛው ገጽ ላይ ምሳ መብላቱን ሰምታ ጮቤ ረገጠች። በሳምንቱ ነርሷ የማንበቢያ መነጽር አምጥታ አደረገችላቸው። አባቴ መነጽሩን እንዳጠለቁ ተነሥተው ወደ መደርደሪያዬ ሄዱና ክር ከሚታይባቸው አንዱን መጽሐፍ መዘዙ።

"ይህን አልተሰናበትሽውም።"

እውነታቸውን ነው። ለዓመታት ሳይነጋገሩ አንድ ወፍጮ ቤት የሚያስተዳድሩ የሁለት እህትማማቾች ታሪክ ነው። ለፋሲካ ቢቸና ስሄድ ልሰናበተው ይዤው፣ ልመናው ሲበዛ ሳልነግራቸው መልሼ ያመጣሁት ነው።

"ምክንያትሽ ምን ነበር?" አሉኝ። ገጹን አልጠየቁም፤ ክሩ ይታያቸዋል።

ልዋሽ አስቤ ነበር። ብዙ ጊዜ ዋሽቻቸዋለሁ፤ ያን ዕለት ግን አልቻልኩም። "ምክንያት የለኝም" አልኳቸው። "ጥሩ መጽሐፍ ነው። ልጨርሰው እየፈለግሁ ነው የዘጋሁት። ድሮም ከተውኳቸው ግማሾቹ እንዲህ ናቸው። ግቢው ሁልጊዜ አርባ ተማሪ ነበረበት። ለብቻዬ የሚያዳምጡኝ ስሰናበት ብቻ ነበር።"

አባቴ መነጽራቸውን አውልቀው፣ አዩኝ፤ መልሰው አደረጉት።

"እኔስ ለምን አንድ ቀን ጨርሺው ያላልኩሽ ይመስልሻል?" አሉ። "ብትጨርሺው ምን ብለሽ ፊቴ ትቆሚ ነበር?"

ወንበር ወደ መስኮቱ ሳቡና ተቀመጡ። መጽሐፉን ክሩ ያለበት ላይ ገልጠው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት፤ ግን አላነበቡም።

"በይ" አሉኝ፣ "ከመጀመሪያው ጀምሪ።"